ወንድሜ በአድራሻው የተገኘበት ጠዋት

ይህ የደረሰብኝ ሱዳን በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ረሃቡ ገና ሳይለቅ ነው። የወንድሜ ሙት ዓመት ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በዚህ ካምፕ ሐዘን ያልገባበት ድንኳን ስለሌለ፣ ስለ ሐዘን ብቻ ቢሆን ብዕር አላነሣም ነበር። እኔ ግን ወንድሜ በሞተ ማግስት ስቄአለሁ። ያውም ከልቤ። ይህ ነው አልለቅ ያለኝ። ትምህርቴ ጎንደር ላይ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተቋርጧልና አጻጻፌ ቢጎረብጥ ይቅርታ።

የመጨረሻው ደህና ቀን እሑድ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ገዳሪፍ ከተማ፣ ከአንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ጆንያ ይሸከም ነበር። ሳምንቱን እዚያው መጋዘኑ ውስጥ እያደረ እሑድ እሑድ በሎሪ ወደ ካምፑ ይመጣል። እኔ "አያ ይርጋ" ነበር የምለው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን መተማ ሳንደርስ መንገድ ላይ ስለቀረ፣ አባትም እሱ ነበር።

የዚያን እሑድ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይዞ መጣ። እናታችን በጣቷ ነክታ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

"ከየት አመጣኸው?"

"ከቤቴ ነዋ! ከዛሬ ጀምሮ የገዳሪፍ ሰው ነኝ" ብሎ ደረቱን ነፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማ ውስጥ ስኳር የሚሸጠው በየሰፈሩ መዝገብ ነው። ነጋዴው ስኳር እንዲበዛለት አምስት ሠራተኞቹን "የቤቴ ነዋሪዎች ናቸው" ብሎ አስመዘገበ። ቀጥሎ የሱዳን ምርጫ መጣ። የሰፈሩ ጸሐፊ ቤት ለቤት መዞር ሰለቸውና የስኳሩን መዝገብ ገልብጦ የመራጮች መዝገብ አደረገው። ወንድሜ ስኳር ሲፈልግ የምርጫ ወረቀት ደረሰው።

"አገሬ ላይ በሬ እንኳ መርጬ አላውቅ፣ እዚህ መንግሥት ልመርጥ ነው" እያለ ወረቀቱን አውለበለበልን።

"መጀመሪያ ሚስት ምረጥ" አለችው እናቴ።

"ሚስቱንማ አንቺ ትመርጪልኛለሽ። መንግሥቱንም ምረጪልኝና ልረፍ።"

እኔ ግን ፈራሁ። ስሙ በእኛ የራሽን ካርድ ላይም አለ። ዱቄት ሲታደል የሱም ድርሻ ይሰፈርልናል። ከተማ ለሚኖር ሰው ደግሞ የካምፕ ዱቄት አይሰጥም። ይህን ስነግረው ጭንቅላቴን በእጁ አሸት አሸት አደረገና፣ "አንተ ሰው፣ ሁለት አድራሻ ያለው እኮ ጌታ ነው!" አለኝ።

ሰኞ ማለዳ ሄደ። ቡናማ ኮቱን "ለጭነት ይሞቀኛል፤ እሑድ እለብሰዋለሁ" ብሎ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀለው።

በዚያው ሳምንት እኔም ሥራ አግኝቼ ነበር። የምርጫው ጽሕፈት ቤት በከተማው መዝገብ ውስጥ ስደተኞች ገብተዋል ብሎ ስለጠረጠረ የካምፑን የዱቄት መዝገብ ጠየቀ። ሁለቱ መዝገቦች ሊመሳከሩ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ አድራሻ። አማርኛም ዐረብኛም የሚችል ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ።

ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ሰው ኢድሪስ ይባላል። የገዳሪፍ መምህር ስለሆነ ሁሉም "ኡስታዝ" ይለዋል፤ ለምርጫው ከትምህርት ቤቱ ተውሰውት ነው። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ነጭ ጀላቢያው ላይ የቀለም ነጥብ ካየ ቀኑ የሚበላሽበት ሰው ነው። እሱ የከተማውን መዝገብ ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ ከዱቄቱ መዝገብ እፈልጋለሁ። ሰኞን ሙሉ አንድም የሚገጥም ስም አላገኘንም።

"ያ ዋሴ" ይለኛል፤ ዋሴ የኔ ስም ነው፤ "ወይ ሕዝባችሁ እጅግ ታማኝ ነው፣ ወይ እኔና አንተ ዕውሮች ነን።"

እኔ ገጹን እገልጣለሁ። የአያ ይርጋ ስም ሲመጣ እንዳላየ ሆኜ ላልፍ ወስኛለሁ። አንድ ስም መዝለል ምን ያህል ከባድ ነው? እንዲህ ነበር የማስበው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የካምፑ ቄስ፣ ቄስ መርሻ፣ ከምንሠራበት የካምፑ ቢሮ ውጭ አስጠሩኝ። ጥላ ወዳለበት ወስደው ትከሻዬን ያዙኝ።

ሰኞ ከሰዓት ነጋዴው ወንድሜንና ጓደኞቹን ከማሽላ ጭነት ጋር ወደ ቁረይሻ እርሻዎች ልኳቸው ነበር። ሎሪው ኾር ውስጥ ተገለበጠ። ኾር የሚሉት በክረምት ብቻ ውሃ የሚወርድበት ደረቅ ወንዝ ነው። ጆንያው ሁሉ ወንድሜ ላይ ወደቀ። ሰው በእህል እጦት በሚያልቅበት ዓመት፣ ወንድሜን የገደለው የእህል ክምር ነው። ሙቀቱ ሬሳ አያሳድርምና ጓደኞቹ ከኾሩ ማዶ ላሎብ የሚሉት እሾሃም ዛፍ ሥር ቀበሩት። የሎሪው ረዳት ነው መጥቶ የተናገረው።

"እማስ?" አልኩ።

"ፀሐይ ወጥቷል። መርዶ በዚህ ሰዓት አይነገርም" አሉኝ። "ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ፊትህን ጠብቅ። ቤት አትሂድ፤ አይታህ ታውቃለች። ሥራህ ላይ ቆይ።"

ተመልሼ ገባሁ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መዝገቡን ገለጥኩ። ኡስታዝ ኢድሪስ ሻይ አስቀምጦልኝ ነበር፤ ጠጣሁት። ማንበቡን ቀጠለ። ስንት ስም እንዳለፈ አላውቅም። ከዚያ፣ "ይርጋ ታረቀኝ ወንድሙ" ብሎ አነበበ።

"አለ!" ብዬ ጮህኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ እስካሁን አላውቅም። ገጹን እንኳ አልገለጥኩም። ስሙን ስሰማ፣ አለ አልኩ። በቃ።

ኡስታዙ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ። "አልሐምዱሊላህ! አንድ ተገኘ!" አለ። በሁለቱም መዝገብ የተገኘ ሰው አድራሻው ድረስ ተሂዶ በዓይን መታየት እንዳለበት ደንቡ ይላል። ኡስታዙ የቢሮውን ዘበኛ ቀድሞ ወደ ድንኳናችን ላከው። "የቤቱ ሰው ካርዱን ይዞ፣ ይርጋ የሚባለውም ራሱ ይጠብቁን" ብሎ።

አስተርጓሚው እኔ ነኝና ተከተልኩት። ግማሽ መንገድ ላይ አላስቻለኝም።

"ኡስታዝ፣ ይርጋ ወንድሜ ነው። ትናንት ሞቷል።"

ቆመ። መዳፎቹን ዘርግቶ ጸሎት አደረሰ፤ ፊቱን አበሰ፤ እጄን ይዞ አጽናናኝ። ከዚያ ፎርሙን አየ። ፎርሙ ሦስት ሳጥን ነው ያለው፦ "በአድራሻው ተገኝቷል"፣ "ሌላ ቦታ ይኖራል"፣ "አይታወቅም"። ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው።

"ሞቷል የሚል የለም" አለኝ፣ ጥፋቱ የሱ የሆነ ይመስል።

"እናቴ አልሰማችም። መርዶዋ ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። በእኛ ወግ እንዲህ በመንገድ አይሰማም፤ በቢሮ ሰው አፍ ከሰማችው ትሰበርብኛለች።"

"እንግዲያ እንመለስ።"

"ዘበኛው ነግሯታል። ከቀረን ልጄ ምን ሆነ ብላ ቢሮ ድረስ ትመጣለች።"

ኡስታዙ መነጽሩን አውልቆ በጀላቢያው ጫፍ ወለወለው።

"ስለዚህ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ይርጋ በሕይወት አለ።"

"ለእናቴ፣ አዎ።"

"በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ አድራሻው ይረጋገጣል" አለና መራመድ ጀመረ። እያሾፈ አልነበረም።

እዚህ ላይ የካምፕን አኗኗር ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ቆጠራ በመጣ ቁጥር ጎረቤት ለጎረቤት ሰው ያውሳል። አንዱ ሥራ ሄዶ፣ ሌላዋ ውሃ ወርዳ ይሆናል። ቆጣሪው "የታል?" ሲል ካላየ ድርሻው ይቀራል። ስለዚህ ቁመቱ ቢመጣጠንም ባይመጣጠንም በቦታው የሚቆም ሰው ይላካል። ወንፊት እንደመዋዋስ ነው። ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም። እናቴም ዘበኛውን ስትሰማ ይህንኑ አደረገች።

ስንደርስ ድንኳናችን ደጃፍ ላይ ጎረቤታችን አበጀ ቆሟል። የአያ ይርጋን ቡናማ ኮት ለብሷል። አበጀ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ሁለት የፊት ጥርስ የሌለው ሰው ነው። ኮቱ እጅጌው ክርኑ ድረስ ብቻ ነበር የደረሰለት። ወንድሜ መሞቱን እሱም አልሰማም።

"ይኸው ልጄ!" አለች እናቴ ክንዱን ይዛ። "ይኸው ይርጋ!"

ኡስታዙ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ተረጎምኩ። "ይህ ይርጋ ነው ትላለች" አልኩ በዐረብኛ።

"ዕድሜው?"

"ሃያ አምስት" አለ አበጀ፣ ኮራ ብሎ።

ኡስታዙ ሽበቱን አየው። እናቴ ቀደመችው።

"ችግር ነው ያስረጀው በለው። እኔ ራሴ አምና ልጅ ነበርኩ በለው።"

ተረጎምኩ። ኡስታዙ ራሱን ነቀነቀ።

"የት ነው የሚያድረው?"

"እዚሁ ነዋ!" አለች ወርቄ የምትባል ጎረቤታችን፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ሲያንኮራፋ ሰፈሩን እንቅልፍ ነስቶን የለ! ትናንትም ሌሊቱን ሙሉ ድንኳኑን ሲያርገፈግፈው ነው ያደረ።"

ወንድሜ አንኮራፍቶ አያውቅም። የሚያንኮራፋው አበጀ ነው። አበጀም ነገሩ ለሱ መሆኑ ገባውና ተቆጣ። "ማን ነው የሚያንኮራፋ? አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ፊት..." ብሎ ሲነሣ እናቴ ጎኑን ቆነጠጠችው።

"ዝም በል አንተ ልጅ! ትልቅ ሰው ፊት አፍህን አትክፈት!"

ትልቁ ሰው ኡስታዙ መሆኑ ነው። ከአበጀ ቢያንስ በአሥር ዓመት ያንሳል።

ያኔ ነው የሳቅሁት። ከሆዴ ፈንቅሎ ወጣ። ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን ይዤ ሳቅሁ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ መሬቱ ላይ ሲወድቅ አየሁት። እኔ ስስቅ እናቴም ሳቀች፤ ወርቄም፣ ተቆጥቶ የነበረው አበጀም ድዱን አሳይቶ ሳቀ። ኡስታዙ ብቻ አልሳቀም። እኔን ነበር የሚያየው። እንባዬ ከሳቁ ይሁን ከሌላው ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልለየሁትም።

"ከተማ ያለው የምርጫ ስሙ ይሰረዛል" አለ ኡስታዙ። "ይስማማል ወይ በለው።"

"ይሰረዝ!" አለ አበጀ። "እኔ መንግሥት መምረጥ አልፈልግም። ዱቄቴን አትንኩብኝ እንጂ።"

የኡስታዙ እጅ ፎርሙ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ "በአድራሻው ተገኝቷል" የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ፈረመ። ቅጂውን ቀዶ ለእናቴ ሰጣት። ማንበብ አትችልም፤ ግን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አጣጥፋ፣ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

"እግዜር ይስጥህ በለው። ልጄን ባለ አድራሻ አደረግህልኝ በለው።"

ይህን መተርጎም አቃተኝ። "አመሰገነችህ" ብቻ አልኩ።

"ገብቶኛል" አለ። ስንመለስ ቢሮው ደጃፍ ላይ፣ "መዓሌሽ፣ ዋሴ" አለኝ። ይቅርታ ማለቱ ነው።

ምሽቱን እናቴ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ታሪኩን ስትደግም አመሸች። የአበጀን አቋቋም ታሳያለች፤ የኡስታዙን መነጽር ታስመስላለች። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ደስ ብሏት ያየኋት ያን ዕለት ነው። "እሑድ ሲመጣ ለይርጋ እኔ ነኝ የምነግረው፤ ማንም እንዳይቀድመኝ" አለች። ከስኳሩ የተረፈውን ለአበጀ ቤት ላከችለት።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ቄስ መርሻ አራት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ከኋላቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አበጀም መጥቷል። ለካ ሌሊት ነግረውታል። ኮቱን አውልቆ በክንዱ ይዞታል፤ የት እንደሚያደርገው ቸግሮታል።

ጎህ ሲቀድ ደጁ ላይ ሽማግሌ ያየ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። እናቴ ወጥታ አየቻቸው። ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ መቀነቷን ፈታች።

"ምን ልትሉኝ ነው የመጣችሁት? ይርጋ በአድራሻው አለ። ይኸው ወረቀቱ። ትናንት መንግሥት በዓይኑ አይቶ አረጋግጧል።"

"እት አበባ፣ እግዜር ያጽናሽ" አሉ ቄሱ።

"ተረጋግጧል እኮ ነው የምላችሁ!"

ወረቀቱን ዘርግታ ለእያንዳንዳቸው አሳየች። ማንም አልተቀበላትም። በመጨረሻ አበጀ ጋ ደረሰች። እሱ አንገቱን ደፋ። በክንዱ የያዘውን ኮት አየችው። ትናንት በዓይን የታየው ማን እንደነበር ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ እኔ ዞረች።

"ትናንት ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ እማ።"

"ስትስቅም?"

"ስስቅም።"

ከዚያ ነው የጮኸችው። ስለ ለቅሶው አልጽፍም። የደረሰበት ያውቀዋል።

ፀሐይ ከፍ ሲል ጠራችኝ። ድምጿ አልቆ ነበር። ወረቀቱን እጄ ላይ አደረገችው።

"ሄደህ አሰርዘው። ልጄ የሌለበት ቦታ አለ ተብሎ ተጽፎ አይቅር።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀስ ብለው፣ "እት አበባ፣ ዱቄቱ እኮ ለእናንተም..." ብለው ጀመሩ።

"የሱን ዱቄት ከእንግዲህ በየትኛው ጉሮሮዬ ልዋጠው?" አለች። ከዚያ ለኔ፣ "እንደ ትናንቱ እንዳይሆን። የት እንዳለ በዓይንህ አይተህ ና።"

ኡስታዙ ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ እሱ ጋ ካለው ጋር ደርቦ ቀደደው። አዲስ ፎርም አወጣ። ስሙን፣ የአባታችንን ስም፣ የአያታችንን ስም ራሱ ጻፈ።

"አድራሻ?" አለኝ።

"ወደ ቁረይሻ በሚወስደው መንገድ፣ ከኾሩ ማዶ፣ ላሎብ ዛፍ ሥር።"

እንደነገርኩት ጻፈ። ትምህርት ቤት እንደሚጻፍ፣ በቆንጆ ፊደል።

"በዓይን ያየው ማን ነው?"

"እኔ ገና አላየሁትም።"

ሳጥኖቹን ባዶ ትቶ ፎርሙንና እርሳሱን ሰጠኝ። መንገድ ወጥቶ ወደ እርሻዎቹ ውሃ የሚያመላልስ ሎሪ አስቆመ። ለሾፌሩ ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ሾፌሩ ግን ረዳቱን ከኋላ አስቀምጦ እኔን አጠገቡ አስገባኝ።

አሁንም ያ ቀን ሲነሣ እስቃለሁ። አበጀን ባየሁት ቁጥር እስቃለሁ፤ እሱም ይስቃል። ብዙ ጊዜ በሳቄ አፍሬ ነበር። አሁን ግን ያን ቀን ሳቁ ባይመጣልኝ እንባዬን እናቴ ፊት የት እደብቀው ነበር እላለሁ። እሷም ስለዚያ ሳቅ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ያን ረቡዕ ሾፌሩ ኾሩን እንደተሻገርን አወረደኝ። ዛፉ አንድ ብቻ ስለሆነ አልተቸገርኩም። አፈሩ ጥቁር ነው፤ የተቆፈረበት ገና አልደረቀም። ጓደኞቹ ድንጋይ ደርድረውበታል። የተቀደደ ጆንያ አልብሰውት ነበር፤ ጫፉን ነፋስ ያነሣዋል። አንድ ድንጋይ ጨመርኩበት።

"አያ ይርጋ" አልኩት።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፎርሙን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሦስቱን ሳጥኖች አነበብኳቸው። ከዚያ "በአድራሻው ተገኝቷል" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።